እግር ማጠቢያው ሳፋ የት ገባ?

(ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ጎንደር የሆቴል ባለቤቶች፣ አስጎብኚዎችና የቱሪዝም ተማሪዎች በተሰበሰቡበት ያደረግኩት ንግግር ነው። «ጻፊውና እናንብበው» ስላላችሁኝ ስልክ ላይ ከተቀዳው ብዙም ሳልነካካ አስቀመጥኩት። የተንዛዛ ቦታ ካለ የአፍ ወሬ ስለሆነ ነው፤ ቻሉኝ።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ይሰማል? እሺ፣ መብራት ሳይሄድ እንጀምር።

ከፊት የተቀመጣችሁ ታላላቆቼ፣ ስላከበራችሁኝ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ ተማሪዎች፣ እዚህ ጋ ወንበር አለ፣ ግቡ። አትፈሩ፣ ጥያቄ አልጠይቅም።

የተሰጠኝ ርዕስ «የወቅቱ የዌልነስና የስፓ ጉዞ አዝማሚያዎች» ይላል። ረጅም ነው። «ዌልነስ» የሚለውን ቃል ደግሞ እስካሁን በደንብ የተረጎመልኝ ሰው የለም። አንድ የማውቀው ልጅ ለሆቴል በራሪ ወረቀት ሲሠራ መዝገበ ቃላት አየና «የደህንነት ቱሪዝም» ብሎ ጻፈው። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ያንን አንብቦ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እንዴ፣ የሚያስጎበኙን ደህንነቶች ናቸው?» (ሳቅ) ስለዚህ እኔ ዛሬ «ዌልነስ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ሲያሻኝ ደግሞ «ዕረፍት» እላለሁ፤ ለኔ ያው ነው።

እኔ ያደግኩት አዘዞ ነው። ማሳጅ የተማርኩት አዲስ አበባ፣ የሠራሁት ዱባይ፣ አምስት ዓመት፣ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ። አሁን ተመልሼ ልጆች አሠለጥናለሁ። ዛሬ ሦስት ነገር ነው የማወራው። አንደኛ፣ ሰው አሁን ምን ፍለጋ ነው ከቤቱ የሚወጣው? ሁለተኛ፣ እኛ ጋ ምን አለ? ሦስተኛ፣ ምን እያበላሸን ነው? ሦስተኛው ላይ የምትቆጡ ትኖራላችሁ። ቁጣውን ለሻይ ሰዓት አቆዩልኝ።

እሺ፣ አንደኛው።

ስለ ቁጥር ብዙ አላወራም፤ አንድ ቁጥር ግን ይዛችሁልኝ ሂዱ። ግሎባል ዌልነስ ኢንስቲትዩት የሚባል ተቋም አለ፤ ይህን ዘርፍ የሚያጠና። እ.ኤ.አ. በ2017 (ዛሬ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) በዓለም ላይ 830 ሚሊዮን የዌልነስ ጉዞ ተደርጓል፣ 639 ቢሊዮን ዶላር ወጥቶበታል ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኮሮና መጣ፣ ገበያው ወደቀ፣ ተመልሶ ተነሣ። እኔ ግን የምፈልገው ትልቁን ቁጥር አይደለም። ትንሿን ነው። ከዚያ ሁሉ ጉዞ ውስጥ 89 በመቶው ለስፓ ብሎ ከቤቱ የወጣ ሰው አይደለም!

ገባችሁ? ሰውዬው የመጣው ለሥራ ነው፣ ለሠርግ ነው፣ ቅርስ ለማየት ነው። እግረ መንገዱን ግን ደህና መተኛት ይፈልጋል፣ ጤናማ ነገር መብላት ይፈልጋል፣ ወገቡን የሚያሽለት ሰው ይፈልጋል። ለስፓ ብሎ ሻንጣውን የሚዘጋው ሰውማ ባሊ ይሄዳል፣ ታይላንድ ይሄዳል፤ እኛ ጋ አይመጣም፣ አንዋሽ። 89 በመቶው ግን የፋሲልን ግንብ ሊያይ የመጣው፣ ከስሜን ጉልበቱ ተብረክርኮ የወረደው፣ ለጥምቀት የመጣው ሰው ነው። የእናንተ እንግዳ ነው። አሁን ክፍላችሁ ውስጥ የተኛው ሰው ነው። ተኝቶ ከሆነ።

ወደ እንቅልፍ ልምጣ፤ ምክንያቱም አሁን ትልቁ ፋሽን እሱ ነው። እንቅልፍ! ሰው ለመተኛት አውሮፕላን ይሳፈራል። ሆቴሎች የትራስ ምርጫ ዝርዝር አላቸው፤ እንደ ምግብ ሜኑ። የሚያጨልም መጋረጃ፣ ማታ ማታ የሚሰጥ የዕፅዋት ሻይ፣ እንቅልፍ የሚመዘግብ ቀለበት፣ ምኑ ቅጡ።

ዱባይ እያለሁ አንዲት ሴትዮ መጣች። ነጋዴ ትመስለኛለች፣ ስልኳ አያርፍም። ገና ሳትተኛ «እባክሽ አታናግሪኝ» አለችኝ። እሺ አልኩ። ትከሻዋን ስነካው ድንጋይ ነው። አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ ማንኮራፋት ጀመረች። የከፈለችው ለስድሳ ደቂቃ ማሳጅ ነው፤ እኔ ሃምሳውን ደቂቃ እጄን ጀርባዋ ላይ አሳርፌ ቀስ እያልኩ ነው የጨረስኩት። ሰዓቱ ሲያልቅ መቀስቀስ አቃተኝ። ቀጣዩ ደንበኛ እስኪመጣ ሩብ ሰዓት አለ፤ ብርድ ልብስ ደረብኩላትና ጥግ ላይ ቁጭ አልኩ። ስትነቃ አለቀሰች። «እንዲህ ተኝቼ አላውቅም» አለች። በማግስቱም መጣች፣ በሦስተኛውም ቀን መጣች። የተቀባችው ዘይት ቤቱ ውስጥ ካለው ሁሉ ርካሹ ነበር።

አሁን ወደ እኛ ሆቴሎች። ፍራሹን በውድ ገዝታችኋል፣ አውቃለሁ። ግን ሌሊት ኮሪደር ላይ ምን እንደሚባል ሰምታችኋል? «አንቺ! 204 ፎጣ ጠይቋል!» ከታች ወደ ሦስተኛ ፎቅ! ደግሞ በሩ ሲዘጋ ጓ! ጄኔሬተሩ መስኮት ሥር ነው። ጎን ያለው ሙዚቃ ቤት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት «ሞቅ አርጉት» ይላል። ይህን ሁሉ ይዘን ስፓ እንሥራ? ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ነን እኮ፤ ከዝቅተኛ ቦታ የመጣ ሰው የመጀመሪያዋን ሌሊት ያለዚያም እየባነነ ሊያድራት ይችላል። እኛ ደግሞ «እንኳን ደህና መጡ» ብለን ሁለት ቢራ እንጨምርለታለን፤ ያባብስበታል።

«ቅዳሴውስ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ። እሱ የሚነገር እንጂ የሚደበቅ አይደለም። አንድ ሆቴል ውስጥ ሁለት እንግዶች አየሁ፣ በአንድ ሳምንት። ለአንዱ ማንም ምንም አልነገረውም፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ድምፅ ማጉያው ሲጀምር እሳት የተነሣ መስሎት በፒጃማ ወረደ፣ ጠዋት ከፍሎ ሄደ። ለሌላዋ ግን እንግዳ ተቀባይዋ ማታውኑ «ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ቅዳሴ ይሰማሉ፤ ከፈለጉ የጆሮ መድፈኛ ይኸውልዎት፣ ካልፈለጉ ደግሞ ነጠላ ላውስዎት» አለቻት። ሴትዮዋ ነጠላውን መረጠች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ፣ «የሕይወቴ ምርጥ ጠዋት ነበር» አለች። ያው ድምፅ፣ ያው ሰዓት! እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ደመወዝ ትጨመርላት ብያለሁ፤ ይጨመርላት አይጨመርላት አላውቅም።

ሁለተኛው ፋሽን ሙቅና ቀዝቃዛ ነው። ሳውና ይገቡና ከዚያ ወጥተው በረዶ መሰል ውሃ ውስጥ ይዘላሉ። ሳውና ደረቅ ነው፣ 80 እና 90 ዲግሪ ይሞቃል። ስቲም ደግሞ እርጥብ ነው፣ ከ40 ትንሽ ከፍ ይላል፣ ግን ክፍሉ ሙሉ እንፋሎት ነው። ሁለቱን አታምታቱ፤ ሜኑ ላይ የምታምታቱ አላችሁ። ፊንላንዶች 5.5 ሚሊዮን ሆነው ሦስት ሚሊዮን ገደማ ሳውና አላቸው። ባህላቸውን ዩኔስኮ በ2020 መዝግቦላቸዋል። እኛ ጥምቀትን ያስመዘገብነው በ2019 ነው፤ በአንድ ዓመት ቀድመናቸዋል (ጭብጨባ)። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መዝለልን ደግሞ ማን ያስተምረናል? በጥር ጠዋት፣ ከቀሃ ወንዝ የተሞላው ፋሲል መዋኛ ውስጥ፣ ጳጳሱ ባርከው ሳይጨርሱ የሚዘለው የጎንደር ጎረምሳ ነው እንጂ! እሱ ግን ስፓ አይደለም። ወደዚህ ኋላ እመለሳለሁ።

ሦስተኛው ከስልክ መራቅ ነው። ገብተህ ስልክህን ታስረክባለህ፣ ስትወጣ ትቀበላለህ፤ ለዚህ ይከፈላል። እኛ እንኳን ኔትወርክ አጥቶ መኖርን ሳንከፍል ለወራት ሰልጥነንበታል፤ ዲግሪ ይገባን ነበር (ሳቅ)። አራተኛው የጫካ ዕረፍት ነው። ጃፓኖች በ1982 በደን መሥሪያ ቤታቸው በኩል ስም አወጡለት፤ ዛፍ መሃል ቀስ ብሎ መራመድ፣ ማሽተት፣ ማዳመጥ። ሌላ ምንም የለውም። ዕድሜ ማራዘሚያ ክሊኒክ ምናምን የሚባለውም አለ፤ ደም ይመረመራል፣ መርፌ ይወጋል፣ የሀብታም ነገር ነው፤ እንለፈው።

ሁለተኛው ነጥቤ፤ እኛ ጋ ምን አለ?

«በእጅ የያዙት ወርቅ...» የሚለውን አልተርትም። በየስብሰባው ተተርቶ ተተርቶ ወርቁም መዳብ ሆነ።

አስጎብኚዎች፣ እናንተን ልጠይቅ። ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ወሸባ ቤቱ ጋ ስትደርሱ ስንት ደቂቃ ትቆማላችሁ? እውነቱን! አንድ? ሁለት? «ይኼ የነገሥታቱ የእንፋሎት መታጠቢያ ነበር» ትሉና ወደ አንበሳ ቤቱ ትሮጣላችሁ። እኔ ቱሪስት ብሆን እዚያ ግማሽ ሰዓት አቁሙኝ እል ነበር። እሳቱ የሚነድበትን ጉድጓድ፣ ጣሪያው ላይ እንፋሎቱ የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች እያሳያችሁ አውሩኝ። ኮሮና ጊዜ «ለይቶ ማቆያ» ለሚባለው «ወሸባ» የሚለው ቃል ተመልሶ የመጣው ከየት ነው? ተወሽቦ መታከም፣ ከሰው ተለይቶ በእንፋሎት ታጥኖ ማገገም የድሮ ሕክምናችን ስለነበረ አይደል? ከከተማዋ ምሥረታ፣ ከ1636 ወዲህ ባሉት ዘመኖች፣ ስፓ ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ ሕዝብ አልነበረም እዚህ።

ቃሉንማ አውሮፓም ከከተማ ስም ነው ያመጣው። ቤልጂየም ውስጥ ስፓ የምትባል ከተማ አለች፤ የማዕድን ውሃ ምንጮች ያሏት። በ2021 ዩኔስኮ አሥራ አንድ የአውሮፓ የስፓ ከተሞችን በአንድ ላይ ሲመዘግብ እሷም ገብታለች። አዲስ አበባም ብትሆን ጣይቱ ፍል ውሃው ጋ ወርደው ቦታውን ስለወደዱት አይደል የተቆረቆረችው? ደቡብ ጎንደር ጉማራ ወንዝ ዳር ዋንዛዬ አለ። ሰው በየዓመቱ እየሄደ ቀናት ይቀመጣል፣ ይታጠባል፣ ወገቡን ቀጥ አድርጎ ይመለሳል። እኔም ሄጃለሁ። ውሃው ግሩም ነው። ዳርቻው ላይ ግን የሳሙና ወረቀት፣ የሻምፖ ከረጢት፣ አሮጌ ካልሲ። ማን ጣለው? እኛው፣ ልንፈወስ የሄድነው።

አይስላንድ ውስጥ ብሉ ላጉን የሚባል አለ፤ ፎቶውን ሁላችሁም አይታችኋል፣ ወተት የመሰለ ሰማያዊ ውሃ። ከተፈጥሮ የፈለቀ ይመስላችኋል? ከእንፋሎት ኃይል ማመንጫ የሚወጣ ተረፈ ውሃ ነው! ማመንጫው በ1970ዎቹ ሥራ ጀመረ፣ ውሃው እላቫ ድንጋይ ላይ ተኛ፣ ሰው ገብቶ ታጠበ፣ ቆዳዬን ሻለኝ አለ፣ ከዚያ ቲኬት ተቆረጠ። አሁን ማንም ሰው ልብሱን አውልቆ በሳሙና ሳይታጠብ እዚያ ውሃ ውስጥ አይገባም። ሚሊየነር ቢሆንም። ከማመንጫ የወጣውን ውሃ እነሱ እንዲህ ሲያከብሩት፣ እግዜር ያፈለቀልንን እኛ...? ይቅር።

ሌላስ? ምግብ። ውጭ አገር ሰው ሥጋና ቅቤ የሌለበት ምግብ ፍለጋ ይንከራተታል፣ ቪጋን ይላል፤ እኛ ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ፍልሰታን ጨምሮ የዓመቱን ግማሽ የምንበላው ምንድን ነው? ጤፉም ግሉተን የለውም። አንድ አስተናጋጅ «ቪጋን አለ?» ሲሉት ሮጦ ማናጀር ጠራ። ማናጀሩ መጥቶ «የጾም ማለታቸው ነው» አለው። «እንዴ! እሱማ ሙሉ ነው!» አለ ልጁ።

እጣንም አለን። ዱባይ አሥር ሚሊሊትር የምትሞላ ጠብታ ጠርሙስ ነበረች፤ አለቃችን ከመሳቢያ እየቆለፈች ነው የምታወጣት። አንድ ቀን ከፍቼ አሸተትኩ። ልቤ ቀጥ አለ! የአያቴ ማጨሻ! መተማና አርማጭሆ በጆንያ የሚጫነው እጣን ነው፤ እዚያ በጠብታ ይሸጣል። ዛፉ ግን ያለ ዕረፍት እየደማ፣ ችግኙ በከብትና በእሳት እያለቀ፣ በየዓመቱ እየመነመነ ነው። እጣን የምትገዙ ሆቴሎች ከየት እንደመጣ፣ ዛፉ አርፎ እንደሆነ ጠይቁ። ይህን የምለው ለይስሙላ አይደለም፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ምን ልታጨሱ ነው?

አሁን ዋናውን ልናገር። እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለዚህ ነው።

ልጅ እያለሁ አጎቴ ከደንቢያ በእግሩ ይመጣ ነበር። ማታ ላይ ይደርሳል። አያቴ ገና በሩ ላይ ስታየው፣ ሰላምታው ሳያልቅ፣ «አንቺ፣ ውሃ ጣጂ!» ትለኛለች። ለብ ሲል ሳፋው ላይ እገለብጣለሁ፣ ጭብጥ ጨው አደርግበታለሁ። አጎቴ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። እኔ መሬት እንበረከካለሁ። ተረከዙ ንቃቃት ብቻ ነው፣ ጭቃው እዚያ ውስጥ ገብቷል። መጀመሪያ ውሃው ውስጥ ዝም ብሎ ይቆያል፤ አያቴ «አትቸኩይ፣ ይራስ» ትላለች። ከዚያ ከተረከዙ ጀምሬ ወደ ላይ። «በአውራ ጣትሽ! በጥፍርሽ አይደለም!» የእግሩ ጎድጓዳው ጋ ስደርስ አውራ ጣቴን አጥብቄ እይዛለሁ፣ አጎቴ «እህህ» ይላል። ጣቶቹን አንድ በአንድ እስባለሁ። ውሃው ይጠቁራል፤ አፈሰዋለሁ፣ ሁለተኛ እቀዳለሁ። በፎጣ፣ በጣቶቹ መሃል ሳይቀር አደርቃለሁ። ቅቤ እቀባለሁ። መጨረሻ ላይ ጎንበስ ብዬ እግሩን እስማለሁ። እሱም እጁን ራሴ ላይ አድርጎ «እደጊ፣ ተመንደጊ» ይለኛል። ብዙ ጊዜ ምርቃቱን ሳይጨርስ ተቀምጦ ያንቀላፋል። እራቱን ቀስቅሰን ነው የምናበላው።

ከዚያ ስንት ዓመት አልፎ፣ ዱባይ ስልጠና ላይ አስተማሪዋ የነሐስ ጎድጓዳ ሳህን አመጣች። ውሃ፣ ጨው፣ ዘይት፣ ፎጣ። «የእንግዳ አቀባበል የእግር ሥርዓት» ትለዋለች። ከእስያ የመጣ ጥበብ ነው አለች። ሁሉም ይጽፋል፣ እኔ እስቃለሁ። «ምን ያስቅሻል?» አለችኝ። «ነይ ልሥራልሽ» አልኳት። ጫማዋን አወለቀች። ስጨርስ ዝም አለች። የት ተማርሽው ስትለኝ «አያቴ ናት» አልኳት። በማግስቱ ሌሎቹን እንዳስተምር አደረገችኝ። ያ ነገር በሰው 150 ድርሃም ይሸጥ ነበር!

አሁን ልጠይቃችሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንት ሆቴል አለ? ከስሜን ሦስት ቀን፣ አራት ቀን ተራምዶ፣ ሳንቃበር፣ ጊች፣ ጨነቅ አድሮ፣ ጥፍሩ ጠቁሮ፣ እግሩ ውሃ ቋጥሮ ለሚመጣ እንግዳ ማነው እግሩን የሚያጥብለት? እስቲ እጅ! ...አንድም የለም። ፓስፖርትዎን ያምጡ፣ ይህን ፎርም ይሙሉ፣ ሊፍቱ አይሠራም። ሳፋው የት ገባ? እናቶቻችን ቤት ነበር እኮ!

እሺ፣ ሦስተኛው። ምን እያበላሸን ነው?

መጀመሪያ ታፔላው። አንድ ሆቴል፣ ስሙን አልጠራም፣ ቀይ አምፖል በሚያበራ ጽሑፍ «ስፓ፣ ሳውና፣ ስቲም፣ ጃኩዚ» ይላል። ገባሁና ሳውና ፈለግኩ አልኩ። ልጁ ደነገጠ። ቁልፍ ፍለጋ ሄደ፣ ሃያ ደቂቃ። ሲከፍተው ሳውናው ውስጥ የቢራ ሳጥን እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ እላዩ ላይ የገና ዛፍ። «እትዬ፣ ቀደም ብለው ቢነግሩን ኖሮ እናስወጣው ነበር» አለኝ። አልፈረድኩበትም፣ ምስኪን። ግን ያን ታፔላ ማን ሰቀለው?

ደግሞ ጃኩዚ! ይህች ከተማ ውሃ በፈረቃ የምታገኝ ከተማ ናት። አንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ እናቶች ጀሪካን ይዘው እየተሰለፉ፣ 1,000 ሊትር ገደማ የሚውጥ ገንዳ ለአንድ ባልና ሚስት? ሲጠቀሙበት ደግሞ ውሃው መቀየር አለበት። ቀየራችሁት? የእግር እጥበት አምስት ሊትር ነው። ሁለተኛ ስትቀዱ አሥር። ማሳጅ የፎጣ ማጠቢያ ብቻ ነው የሚፈልገው። ጣሪያ ላይ የፀሐይ ማሞቂያ አድርጉ፣ የዝናብ ውሃ አጠራቅሙ፤ ፀሐዩም ክረምቱም አላነሰንም።

ከዚያ የማሳጅ ስም። እዚህ ላይ ወጣቶች ስላላችሁ በጨዋ ቃል ልናገር፤ «ማሳጅ» የሚለው ጽሑፍ አንዳንድ በር ላይ ሌላ ነገር ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ዋጋውን የሚከፍሉት ግን በሙያው የሚኖሩ ልጆች ናቸው። አባቴ እኔ የምሠራውን ሲሰማ ለሁለት ዓመት ስልኬን አላነሣም። ለጎረቤት «ነርስ ናት» ይል ነበር። ተመልሼ ከመጣሁ በኋላ ጉልበቱን አመመው። አንድ ማታ ዜና እያየን፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሣ፣ እግሩን ወደኔ ዘረጋ። ምንም አላለም። እኔም ምንም አላልኩም። ዜናው እስኪያልቅ አሸሁት።

ስለዚህ የሆቴል ባለቤቶች፣ እለምናችኋለሁ። የሰለጠነች፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ያለፈች ልጅ ቅጠሩ። ክፍሏ ብርሃን ያለው፣ ከእንግዳ መቀበያው አጠገብ ይሁን፤ ምድር ቤት ጨለማ ውስጥ አታስቀምጧት። ደንበኛው አጉል ነገር ሲጠይቅ «እምቢ» ብላ እንድትወጣ፣ ማናጀሩም ከእሷ ጎን እንዲቆም፣ ከደመወዟም እንዳይቆረጥ። ደንበኛው ከመተኛቱ በፊት ይጠየቅ፤ ደም ግፊት አለብዎት? ልብዎን ያምዎታል? እርጉዝ ነሽ? ጠጥተዋል? የጠጣ ሰው ሳውና አይገባም፤ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ሰው እፊቴ ወድቋል፣ ዳግም ማየት አልፈልግም። ስብራት የጠረጠራችሁትን ደግሞ አትነካኩ፣ ሐኪም ቤት ይሂድ። ወጌሻ እናከብራለን፣ ግን ራጅ ይቅደም።

አንድ ነገር ይቅርብኝ ብዬ ነበር፤ ግን አልችልም። ጠበል። ባለፈው አንድ ወጣት፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሐሳብ ይዞ መጣ። «የጠበል ፓኬጅ እንሥራ፣ ቱሪስቱ ይጠመቃል፣ ፎጣና ጁስ እንሰጣለን» አለኝ። እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ ነው የተነሣሁት! ጠበል በሽተኛ እየጮኸ፣ እናት እያለቀሰች የሚቆምበት ቦታ ነው። ሜኑ ላይ አይገባም። ጥምቀተ ባሕሩም እንዲሁ፤ ለዚያ ነው ቅድም «ስፓ አይደለም» ያልኩት። እንግዳ በራሱ ፈቃድ፣ አምኖ ቢሄድ መንገዱ ክፍት ነው፣ ማንም አይከለክለውም። እኛ ግን ዋጋ አንለጥፍበትም። ካህናቱን ሳንጠይቅ ደግሞ ፎቶም አናስነሣ። እዚህ ላይ ከኔ ጋር የማይስማማ ካለ ሻይ ላይ እንገናኝ፤ አልሸነፍም።

የፈውስ ቃልም አትግቡ። «ስኳር እናድናለን፣ ኩላሊት እናጥባለን» የሚል ወረቀት አይቻለሁ። ማሳጅ ኩላሊት አያጥብም! ሰውን ያሳርፋል፣ ጡንቻ ያላላል፣ ያስተኛል። ይህ አነሰ? ዱባይ ሳይቀር ሰው የሚከፍልበት ይኸው ነው።

ስንት ሰዓት ሆነ? ...አበዛሁት። ሻይው ሳይቀዘቅዝ ልጨርስ።

የገበያ ነገር አንሥቼ ልቋጭ። «እንግዳ በጠፋበት ጊዜ ይህን ሁሉ ለማን ነው የምታወሪው?» የሚል ፊት ከዚያ ጥግ እያየሁ ነው፤ እርስዎን ጋሼ፣ ገብቶኛል። ልክ ነዎት። ስንት ሆቴል ሠራተኛ በትኗል፣ ስንት አስጎብኚ ሌላ ሥራ ፍለጋ ሄዷል። እኔም የማሠለጥናቸውን ልጆች ስንቱን የት እንዳስገባቸው ጨንቆኛል። ግን ለስብሰባ የሚመጣ የአገር ልጅ አለ፣ ልጁን ሊያስመርቅ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ገበሬ አለ፣ ከውጭ ለጥምቀት የሚገባ ዘመድ አለ። እነሱ እግር የላቸውም እንዴ? ዕረፍት የፈረንጅ ነው ያለው ማነው? ከእነሱ እንጀምር። ሳፋ ስንት ብር ነው? ጨውስ?

ስለዚህ ወረቀት አላድልም። እኔና ሁለት ተማሪዎቼ ዛሬ ስድስት ሳፋ ይዘን ነው የመጣነው፤ ሸክላዎቹ ከወለቃ ናቸው፣ ፕላስቲኩ ከገበያ። ውሃው ከጓዳ ተጥዷል፣ አሁን ለብ ብሏል። ቅቤ ለማይወድ የኑግ ዘይት አለ። አስጎብኚዎች ዛሬ ታጣቢ ናችሁ። የሆቴል ባለቤቶች አጣቢ ናችሁ። (ሳቅና ጫጫታ) አዎ፣ አልተሳሳትኩም! ባለቤቶች ናችሁ የምትንበረከኩት። እጃችሁ ካላወቀው ለሠራተኛችሁ ምን ብላችሁ ታሳያላችሁ?

እትዬ፣ እርስዎ ይምጡ፣ እርስዎ እንደሚያውቁበት ከፊትዎ ያስታውቃል። ጋሼ፣ ኮትዎን ያውልቁ፣ እጅጌዎን ይሰብስቡ። አንተ ልጅ፣ ቡትህን ፍታ። ካልሲህ ንጹህ ነው? አይደለም? ግድ የለም፣ ለዚህ አይደል ውሃው። በአውራ ጣት፣ ጋሼ። በጥፍር አይደለም።